አለማየሁ እሸቴን ፒያሳ ላይ እንድንሰማው

ለ፦ አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
ግልባጭ፦ በቤታቸው የሙዚቃ ሸክላ ላስቀመጡ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በሙሉ
ጉዳዩ፦ የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴ ሸክላዎች የሚደመጡበት ክፍል ፒያሳ ውስጥ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

ሬዲዮ፣ ቴፕና ፒክአፕ (የሸክላ ማጫወቻ) ጠጋኝ ነኝ። ሙያውን ከአባቴ ወርሼ፣ ፒያሳ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ዕቃ ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ይዛልኝ የመጣችው ሸክላ ነው።

ዕድሜዋ አሥራ ስምንት፣ ቢበዛ አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ሸክላውን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን ሹራቧ ውስጥ ደብቃ ገባችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ ይሄ ይሠራል?» አለችኝ። የአያቷ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲነሣ የአያቷም ቤት አብሮ ተነሥቶ ቤተሰቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ዕቃ ሲጫን ታዲያ አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ግቢው ውስጥ ቀረ፤ ሌሊቱን ዝናብ መታው፣ በማግስቱ ፀሐይ። ማንንም ለመክሰስ አላነሣሁትም። ቤት በጥድፊያ ሲለቀቅ አልጋና ቁም ሳጥን እንጂ ሸክላ ለማን ትዝ ይላል? ከካርቶኑ የተረፈው ይህ አንዱ ነው። «ሌላው ጎብጦ ጎድጓዳ ሳህን መስሏል» አለችኝ።

አገላብጬ አየሁት። ልባስ የለውም። መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ውሃ ነክቶት ግማሹ ፊደል ፈሷል፤ «አለማየሁ» የሚለው ግን ይነበባል።

ሸክላ ማጠብ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጨምራለሁ። ከዚያ ካረጀ የጥጥ ነጠላ የተቆረጠ ጨርቅ ነክሬ፣ መስመሩን ተከትዬ በክብ በክብ አብሳለሁ። ከመሐል ወደ ዳር ማበስ አይቻልም፤ ቆሻሻው መስመሩን እያቋረጠ ይቧጭረዋል። ወረቀቱን ውሃ እንዳይነካው በመዳፌ ከልዬ እይዛለሁ። ሸክላን ላየው ሰው ብዙ መቶ መስመር ያለበት ይመስለዋል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ግን መስመሩ አንድ ነው። ከዳር ጀምሮ እየተጠማዘዘ እስከ መሐል የሚዘልቅ አንድ ቀጭን ቦይ ነው፤ ዘፋኙም፣ ሳክስፎኑም፣ ድራሙም እዚያ አንድ ቦይ ውስጥ ናቸው። ይህን ስነግራት ልጅቷ ሸክላውን ወደ አምፖሉ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው።

ሲደርቅ ፒክአፑ ላይ አኖርኩት። ፍጥነቱን 45 ላይ አድርጌ መርፌውን አወረድኩ። መጀመሪያ የመጣው ቆሎ ሲቆላ የሚሰማው ዓይነት መንጣጣት ነው። ቀጥሎ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ባንድ ላይ ገቡ። ከዚያ እሱ መጣ። በዜማ አልጀመረም፤ ጮኸ። ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ላይ ተሰንጥቆ የወጣ ጩኸት ነው፤ ወዲያው ደግሞ ለስልሶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ዜማው ተመለሰ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኢትዮጵያዊ ነው?» አለችኝ። ግጥሙን በአማርኛ እየሰማች ነው ይህን የጠየቀችኝ።

«አዎ፣ የኔ ልጅ። የዚሁ የአዲስ አበባ ሰው ነው» አልኳት።

ሁለቱንም ገጽ ሰማን። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሌላውንስ የት ሄጄ ልስማው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አጣሁ። «ስልክሽ ላይ ፈልጊው፣ አለ» አልኳት፤ ከሄደች በኋላ ግን በመልሴ አፈርኩ። ስልክ ላይ አለ፤ እውነት ነው። ስሙ በፈረንጅ ፊደል በአምስት ዓይነት ተጽፎ፣ ማን አቀናበረው፣ ማን ፒያኖ መታ፣ የት ተቀዳ የሚል አንድ መስመር ሳይኖር፣ ድምፁ ተጨምቆ ባሱ ጠፍቶ አለ። ዘፈኑ የተወለደበት ከተማ ውስጥ ግን አንድ ሰው ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ «የአለማየሁን ሸክላ አሰሙኝ» የሚልበት በር አላውቅም። የምጠይቃችሁ ያንን በር ነው። አንድ ክፍል፣ እዚሁ ፒያሳ ውስጥ።

ለምን እሱ ለሚል ሰው ልመልስ።

አለማየሁ እሸቴ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ገና ተማሪ ሳለ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች እያስመሰለ ይዘፍን ነበር፤ ጸጉሩንም፣ አለባበሱንም እንደዚያው። ያኔ ዘፋኝ መሆን ለመንግሥት መቀጠር ነው። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ እየተባለ አብዛኛው ኦርኬስትራ የደንብ ልብስ ለባሽ ነበር። አለማየሁን ኮሎኔል ረታ ደመቀ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ አመጡት። ኦርኬስትራው ውስጥ ኖታ ይነበባል፣ ልምምድ በሰዓቱ ነው። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ነርሲስ ናልባንዲያን ነበሩ። እሳቸው፣ ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች መሪ የነበሩት የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ ናቸው። እንግዲህ ያ ከስልክ የሚወጣው ድምፅ ከኋላው ይህን ሁሉ ተሸክሟል፤ አርመናዊው የኖታ መምህር፣ የፖሊሱ ባንድ፣ አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ በሬዲዮ የሚለቀቀው የጥቁር አሜሪካውያን የሶል ሙዚቃ፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች የያዟቸው ሸክላዎች። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አራቱ ቅኝቶቻችን።

«የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሰው በፍቅር የሰጠው ስም ስለሆነ አልጣላውም፤ ግን ያሳንሰዋል። ኤልቪስን ማስመሰል የልጅነቱ ጨዋታ ነበር። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ለሰማ ሰው እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ብዙ ነው። በአንዱ ዘፈን እንደ ጄምስ ብራውን ቃሉን ቆራርጦ ከባንዱ ጋር ይመላለሳል። በሌላው እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ይመስላል። ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ላይ ድምፁን እስከ ሹክሹክታ ያወርደዋል፤ የአገር ቤት ዜማ ሲይዝ ደግሞ ያ ሁሉ ሮክና ሶል የት እንደገባ እስኪጠፋችሁ ድረስ እስክስታ ያስመታል። ጠጋኝ ስለሆንኩ ድምፅን ከዘፋኝ ሰው ለየት አድርጌ ነው የምሰማው። ስፒከር ስሞክር የእሱን ሸክላ የምመርጠው ከታች እስከ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚፈትንልኝ ነው። አንድ ስፒከር የአለማየሁን ሹክሹክታ ሳይውጥ፣ ጩኸቱንም ሳይሰነጥቅ ካወጣ ለባለቤቱ መልሼ እሰጠዋለሁ።

(አንተ እያልኩ መጥራቴን የሚቀየም ሽማግሌ ካለ ይቅር ይበለኝ። ዘፋኝን አንተ የምንለው ከማክበር አንሶ አይደለም፤ ቤታችን ስለሚገባ ነው።)

አባቴ የሚወደው «ተማር ልጄ»ን ነበር። ሀብትም ዘመድም የሌለው ሰው ለልጁ የሚሰጠው ምክር ነው ዘፈኑ። መስከረም ብቶ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ዋዜማው ማታ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ እጁን ይታጠባል፤ ፒክአፑን ከነጠላው ስር ያወጣል። እኔና እህቶቼ ወለሉ ላይ እንደረደራለን። አንድም ቃል አይናገርም፤ መርፌውን አውርዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ስለ ትምህርት በሕይወቱ አንድ ቀን ቆጥቶን አያውቅም። እንዲቆጣን ያደረገው አለማየሁን ነው። እህቶቼ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ እኔ የአባቴን ብረት መበየጃ ይዤ ቀረሁ፤ ሸክላው ግን ለእኔ ደረሰኝ። ጫፉ ላይ ትንሽ ተፍቋል፤ ያችን ቦታ ሲያልፍ ሁልጊዜ አንዴ ትንጣጣለች፤ እህቴ አሁን አሜሪካ ሆና ዘፈኑን በስልኳ ስትሰማ ያች መንጣጣት የለችበትምና ጎደለብኝ ትለኛለች።

ፒያሳ ለምን እንደሆነ ደግሞ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1969 ድረስ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ነጋዴ ያንን አዋጅ ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ አሳተመ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ የአለማየሁ እሸቴ ነበሩ። የአባት ስማቸው አንድ ስለሆነ ወንድማማች የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው፤ ወንድማማች አይደሉም። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ድምፁ እዚህ ተቀድቶ ሸክላው ሕንድ ታተመ፤ በኋላ ቤይሩትም እየታተመ ይመጣ ጀመር። የፈራው እስር አልመጣም። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ኤልፒ (ብዙ ዘፈን የሚይዝ ትልቅ ሸክላ) አወጣ። ዛሬ ዓለም «የአዲስ አበባ ወርቃማ ዘመን» ብሎ የሚያወድሰው ሙዚቃ፣ በኋላ ከመጡት ከፊሊፕስና ከካይፋ ሸክላዎች ጋር፣ አብዛኛው ይህ ነው።

አባቴ የአምሃን ሱቅ ሲያነሣ ፊቱ ይበራ ነበር። እንደሚለው ከሆነ አዲስ ሸክላ የገባ ቀን ድምፅ ማጉያው ወደ መንገድ ዞሮ ይከፈታል፤ ሱሪው እግሩ ላይ የሰፋ ጎረምሳም፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናትም፣ ሊስትሮውም ቆሞ ይሰማል። አባቴ ሸክላ ከመግዛቱ በፊት ፒክአፕ አልነበረውም። ሸክላውን አስቀድሞ ገዛ፤ ፒክአፑን ከወራት በኋላ ሰው የጣለውን ገዝቶ ራሱ ጠገነው። ጠጋኝነት የጀመረው እንዲህ ነው። እኔ የምበላው እንጀራ ከዚያ ሸክላ ነው የመጣው ብል አልዋሸሁም።

አለማየሁ በዚያው ዘመን ከግርማ በየነ ጋር ሆኖ ዓለም-ግርማ የሚባል ባንድ አቋቋመ። ግርማ ፒያኒስት፣ አቀናባሪና ራሱም ድምፃዊ ነው። የፖሊስ ደንብ ልብስ ቀርቶ የራስ ባንድ መያዝ ያኔ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ደሞዝ ትቶ መውጣት ነው። አለማየሁ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ሸክላዎች አወጣ። «አዲስ አበባ ቤቴ» ያላት ከተማ ይህችው ናት፤ እናንተ የምታስተዳድሯት፣ እኔ የምኖርባት።

ከዚያ የ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀና ማታ የሚባል ነገር ከከተማው ወጣ። ሙዚቀኛ የሚበላው ማታ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ክለብ መጫወት ማለት በሩ ተቆልፎ እስኪነጋ እዚያው ማደር ማለት ነበር። አምሃ በ1975 እ.ኤ.አ. አገር ለቆ ወጣ። ግርማ በ1981 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ለረጅም ዓመታት እዚያ ቀረ። አለማየሁ ግን አልሄደም። ሸክላው እየቀረ ካሴት ሲመጣ፣ ኦርኬስትራው እየሳሳ ኪቦርድ ሲተካው፣ እሱ እዚሁ ነበር። የአባቴ ሱቅም ያኔ ነው ከፒክአፕ ወደ ቴፕ የዞረው፤ ቺንጋ መቀየር፣ ሄድ መጥረግ፣ የተጠላለፈ ካሴት በእርሳስ መጠምጠም። ሰው ፒክአፑን አልጋ ስር ከተተ። ሸክላውንም አብሮ። የከተማው ሙዚቃ አልጋ ስር የገባው ያኔ ነው ማለት እችላለሁ፤ እስከዛሬም ብዙው አልወጣም።

ያወጣው ሌላ ሰው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ያንን ሙዚቃ ሰብስቦ፣ ፓሪስ ከሚገኘው ቡዳ ሙዚክ ጋር ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ በሲዲ አወጣው። ከቅጾቹ ሁለቱ፣ 9ኛውና 22ኛው፣ ሙሉ በሙሉ የአለማየሁ ናቸው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. አለማየሁ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር መድረክ ላይ ዘፈነ፤ የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የጃዝ ባንድም ነበረበት። ዕድሜው ያኔ ስልሳ ሰባት ነው። የፈረንጅ ወጣት የ1960ዎቹን የአዲስ አበባ ዘፈን እየጠራ «ድገመው» ሲለው አስቡት። ፋልሴቶን አመሰግነዋለሁ፤ እሱ ባይኖር የጠፋው ይበዛ ነበር። ግን ፓሪስ ያለ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚያገኘውን፣ ፒያሳ ያለች ልጅ ከአያቷ ካርቶን ፍርስራሽ ማግኘቷ ያመኛል።

እኔ መድረክ ላይ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ። ሱፉ ጥቁር፣ መነጽሩ ጥቁር። ከመድረኩ ጎን ላይ ያለችውን ደረጃ ሲወጣ አንድ ወጣት ክንዱን ደገፈው። ማይኩን ሲጨብጥ ግን ልጁን በዓይኑ አሰናበተው፤ ቀጥሎ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ትከሻውን ነቀነቀ። አዳራሹ ተነሣ። ያ ጩኸት በዕድሜ ቀጥኗል፤ እሱም ያውቀዋል፤ ድሮ በጉልበት የሚወጣውን ቦታ በመዘግየት ሞላው። ከዜማው ግማሽ ምት ወደ ኋላ እየቀረ፣ ሰዉን እያስጠበቀ። ከወጣትነት ሸክላው ላይ የሌለ ነገር ነው፤ ያን ምሽት ማን እንደቀዳው አላውቅም። ማንም ካልቀዳው ጠፍቷል።

አምሃ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አረፈ። አለማየሁ በነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከተለው። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመውና የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነው በአንድ ዓመት፣ በአራት ወር ልዩነት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በፖሊስ ኦርኬስትራ የዘፈነችው ሂሩት በቀለ አለፈች፤ ሙሉቀን መለሰ በስደት አለፈ። ብዙነሽ በቀለማ ከሄደች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የሸክላዎቹ ባለቤቶችም፣ ማን ምን እንደተጫወተ የሚያስታውሱትም እያረጁ ነው። እኔ የማውቃቸው አንድ የትራምፔት ተጫዋች አዛውንት ከአንድ ሸክላ ላይ የመሣሪያ ተጫዋቾቹን ስም ሁሉ በጆሯቸው እየለዩ ይነግሩኝ ነበር፤ «ይሄ እገሌ ነው፣ ይቺ ከንፈር የእሱ ናት» ይላሉ። መጻፍ ስጀምር ታመሙ። የጻፍኩት የሰባት ዘፈን ብቻ ነው።

ስለ ክፍሉ ላስረዳ። ትልቅ ነገር አልጠየቅሁም። የአድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተሠርቷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ አዳዲስ ሕንፃ እየቆመ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ሰው የሚያስቀምጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው አንድ ክፍል ይበቃል። ሁለት ፒክአፕ፣ አንድ ደህና አምፕሊፋየር፣ ጥቂት ማዳመጫ። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ ከመደርደር በፊት አንድ መዝገብ ይኑር፤ እያንዳንዱ ሸክላ መቼ እንደወጣ፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ማን እንደተጫወተው የሚጻፍበት፣ የሚያውቅ ሽማግሌ ሲመጣ የሚጨመርበት። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ኖታውን ሊያወጡት ይችላሉ። ወመዘክር፣ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ የሰነድ አያያዙን ያውቃል። በር ላይ ደግሞ አምሃ ሪከርድስ እዚህ ሰፈር እንደነበረ፣ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የአለማየሁ እሸቴ እንደነበሩ የሚገልጽ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ይቁም።

የመብት ጉዳይ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ መነሣትም አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የአርቲስቶቹ ቤተሰቦችም አሉ። ስለዚህ ክፍሉ ማዳመጫ ይሁን እንጂ ማባዣ አይሁን። በፍላሽ ገልብጦ የሚወጣበት ከሆነ እኔ ራሴ እቃወመዋለሁ። ቤተሰቦቻቸው መጀመሪያ ይጠየቁ፤ በሚገባቸው ነገር ሁሉ ድርሻቸው ይጠበቅ። ሸክላዎቹ ላይ ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩ ሙዚቀኞች ብዙ ናቸው፤ ሁለተኛ መበደል የለባቸውም።

ይህን ሐሳብ ከሦስት ዓመት በፊት በቃል ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የእናንተ አይደለም፤ ስሙንም አላነሣም። ሁለት ሰዓት ጠብቄ «ሰኞ ና» ተባልኩ። ሰኞ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በአራተኛው ሰኞ የጥበቃው ሰውዬ አዝኖልኝ «ጽፈህ ስጣቸው፣ ቃል እኮ አይፈረምበትም» አለኝ። ትክክል ነበር። አሁን ጻፍኩ።

ሸክላ ላላችሁ ነዋሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። አልጋ ስር ያለውን አውጡት። አጋድማችሁ አትደርድሩት፤ አቁሙት። ከምድጃና ከመስኮት አርቁት። በቤንዚን ወይም በአልኮል አታጥቡት። አንዱ ገጽ የተቧጨረ ከሆነ አትጣሉት፤ ሁለተኛው ገጽ ሊሰማ ይችላል። ለመሸጥ የሚጠይቃችሁ ሰው ይመጣል፤ ለቱሪስት ነው የሚወስደው። መሸጥ መብታችሁ ነው፤ ከመሸጣችሁ በፊት ግን ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ፊትና ጀርባውን። ክፍሉ ሲከፈት ለመዝገቡ ይፈለጋል።

ከእኔ የሚጠበቀውን ደግሞ ልጻፍ። የአባቴን ሁለት ፒክአፖች ለክፍሉ እሰጣለሁ፤ ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንደኛው አዲስ መርፌ አለው። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ መጥቼ ሸክላ አጥባለሁ፣ ሁለት ልጆችም አስተምራለሁ። የአባቴ ሠላሳ አራት ሸክላዎች በውሰት ይቀመጣሉ፤ ከእነሱ ውስጥ አሥራ አንዱ የአለማየሁ ናቸው።

ልጅቷ ያን ቀን ይዛው የመጣችው ሸክላ አሁንም እኔ ጋር ነው። ቤታቸው ፒክአፕ ስለሌለ «እስክመጣ ያስቀምጡልኝ» ብላ ትታው ሄዳለች። አንዴ አያቷን ይዛ መጣች። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እዚያችው ባንኮኒው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ገጽ ሰሙ። ሲያልቅ «ደግሞ አዙረው» አሉኝ። አዞርኩት። ደንበኞች በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ማንም ቸኩያለሁ አላለም። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ከሦስት ሰው በላይ አታስቀምጥም። አዛውንቱ በሚቀጥለው ወር ከወንድማቸው ጋር እንደሚመጡ ነግረውኛል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሬዲዮ፣ ቴፕና ፒክአፕ ጠጋኝ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ